ብርቅ የሆነው በሽታው ነው ወይስ ምርመራው?

የዕረፍቱ ጊዜ ተቃርቧል። ብዙዎቻችን ወደየትውልድ ቀያችን እንበተናለን። ወላጆቻችንንና አያቶቻችንን ስናገኝ እንደ ደንቡ «እንደምን ሰነበታችሁ» ብለን እንጠይቃለን። እነርሱም «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርጅና ነው እንጂ ደኅና ነን» ብለው ይመልሱልናል። እኛም መልሱን ተቀብለን ወደ ጨዋታችን እንገባለን። በዚህ እትማችን ልንነጋገርበት የፈለግነው «እርጅና ነው» ስለምትባለው ስለዚህች ቃል ነው፤ ሰው ስትገድል ታይታለችና።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታን አልፎ አዲስ ዘመን ሳይደርስ ይፋግን ያገኛል። ይፋግ በቀድሞው ዘመን የሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት፣ በገበያዋ ስሟ የታወቀ ከተማ ነበረች። ይሁን እንጂ ይፋግ የምትገኝበት የሊቦ ከምከም ወረዳ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ስሙ በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ላይ የሚነሣው ስለ ገበያው አይደለም፤ ስለ ካላዛር ነው።

ካላዛር ለአገራችን እንግዳ በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1942 በታችኛው የኦሞ ሸለቆ መኖሩ ተመዝግቧል። ከዚያም በኋላ ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ቆላ የሚወርደውን ሠራተኛ ሲያጠቃ ኖሯል። ለሊቦ ከምከም ደጋ ግን ብርቅ ነበር፤ ከዚያ በፊት በወረዳው የታወቁት በሽተኞች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ስለዚህም በሽታው ሲገባ የጠረጠረው አልነበረም። ትኩሳቱ ወባ ነው ተባለ፤ የወባ መድኃኒትም ተሰጠ። ትኩሳቱ አልበርድ ሲል ደግሞ መድኃኒቱን የለመደ ወባ ነው ተባለ። በትክክለኛ ስሙ የተጠራው በግንቦት ወር 1997 ዓ.ም. ነው። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በአካባቢው ማከሚያ ከፈተ። ወረርሽኙ በ1998 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ፤ ወደ ሁለት ወረዳዎችም ተዛመተ። በ2000 ዓ.ም. መባቻ ላይ በሽታው እንግዳነቱን ትቶ የአገሩ ነዋሪ ሆኖ ነበር።

እንግዲህ እንጠይቅ፤ ብርቅ የነበረው በሽታው ነው ወይስ ምርመራው? ያልተፈለገ ነገር አይገኝም፤ ያልተገኘ ነገር አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ «ብርቅ» ይባላል።

የበሽታው ጠባይ ይህ ነው። ሌሽማንያ የተባለው ተሐዋሲ ከወባ ትንኝ በምታንስ የአሸዋ ዝንብ ንክሻ ወደ ሰው ይገባል። ዝንቧ በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር ትጠለላለች። ተሐዋሲው በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ውስጥ ይራባል። በሽተኛው ለሳምንታት ያተኩሰዋል፤ ሥጋው ይመነምናል፤ ደሙ ያንሳል፤ ጣፊያው አብጦ በእጅ እስኪዳሰስ ይደርሳል። ሰውነቱ መከላከያ ስለሚያጣ የሳንባ ምችና የሳንባ ነቀርሳ ይከተሉታል። ካልታከመ ከመቶ በሽተኞች ከ95 የሚበልጡት ይሞታሉ።

ከግንቦት 1997 እስከ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. በማከሚያው የታዩት በሽተኞች መዝገብ ተጠንቶ ታትሟል። ከመቶው ወደ 78 የሚሆኑት ወንዶች ነበሩ። የበሽተኞቹ መካከለኛ ዕድሜ 18 ዓመት ነበር፤ ይኸውም የእኛ እኩዮች ማለት ነው። ማከሚያ ከደረሱት ውስጥ የሞቱት ከመቶው 4 ብቻ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ወሬው የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ዕድሜያቸው 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ከ5 እስከ 29 ዓመት ካሉት ይልቅ በአምስት እጥፍ ለሞት የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። ልብ እንበል፤ 45 ዓመት የሽምግልና ጣራ አይደለም። በሬውን ጠምዶ የሚያርስ፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አባት ዕድሜ ነው።

ለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ሰውነት ዕድሜ ሲጨምር የመከላከል ኃይሉ ይቀንሳል። ለብዙ ዘመን ያገለገለው የአንቲሞኒ መርፌ ልብንና ቆሽትን ስለሚጎዳ ለሸመገለ ሰው ይከብዳል። ከ45 ዓመት በላይ ለሆነ በሽተኛ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ የተባለው መድኃኒት የሚመረጠው ስለዚህ ነው። እኛ ግን ሦስተኛ ምክንያት አለ እንላለን። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሲከሳ ቤቱ ይሸበራል፤ በቃሬዛም ቢሆን ወደ ሐኪም ይወሰዳል። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አባት ሲከሱ ግን ጎረቤቱ «አረጁ» ይላል፤ ራሳቸውም «አረጀሁ» ይላሉ። ወጪውን ለልጆቻቸው ብለው ይቆጥባሉ። በዚህ መካከል ጣፊያቸው ያብጣል።

ይህ የሊቦ ከምከም ብቻ ጉዳይ አይደለም። እርጅና የተፈጥሮ መንገድ እንጂ በሽታ አይደለም። እርጅና ትኩሳት አያመጣም፤ ጣፊያ አያሳብጥም፤ በሦስት ወር ውስጥ ሰውን አያመነምንም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2030 ያለውን ዘመን የጤናማ እርጅና ዐሥር ዓመት ብሎ ሰይሞታል። ትርጉሙም ሰው ሸምግሎ የሚወደውን እየሠራ ይኑር ማለት ነው። ለእኛ ገበሬ ይህ ከበሽታው መታወቅ ይጀምራል።

ነገሩ ከአቅም በላይ ነው የሚል ቢኖር ወደ ባንግላዴሽ ይመልከት። ካላዛር ለብዙ ዘመን ያስጨነቃት ያች አገር እ.ኤ.አ. በ2023 የሕዝብ ጤና ጠንቅነቱን በማስወገድ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆናለች። በእኛም አገር ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ የሚመረምር መሣሪያ አለ። ሠላሳ ቀን ይፈጅ የነበረውም ሕክምና ሁለት መድኃኒት በማጣመር ወደ 17 ቀን ወርዷል። የጎደለው የጠርጣሪ ዓይን ነው።

ስለሆነም የሕክምና ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ያተኮሰውን ሰው፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ ጣፊያውን ሳትዳስሱ አትሸኙ። ለሰሊጥ ሥራ ወደ ቆላ የምትወርዱ፣ በወረርሽኙ ጊዜ የተደረገው ጥናት ቀን በግራር ጥላ ሥር መተኛትና ሌሊት በደጅ ማደር ለበሽታው እንደሚያጋልጥ ማሳየቱን አትርሱ። መምህራኖቻችንንም በአክብሮት እንለምናለን፤ የሽማግሌዎችን ጤና ለመመረቂያ ጥናት የሚበቃ ርእስ አድርጉልን።

የቀረነው ሁላችን ደግሞ ዘንድሮ ቤት ስንገባ ጥያቄያችንን እናርዝም። «እርጅና ነው» ሲሉን «ከመቼ ጀምሮ? ያተኩስዎታል? ቀበቶዎ ሰፍቶብዎታል?» እንበል። መልሱ ካሳሰበን እጃቸውን ይዘን ወደ ሐኪም እንሂድ። ያስተማሩን እነርሱ ናቸው፤ የተማርነውም ለዚህ ካልሆነ ለምንም አይደለም።