«ዜሮ ስህተት» የሚለው ኮምፒውተሩ ነው

እንደሚታወቀው የመመረቂያ ፕሮጀክት ወቅት ሲደርስ በትምህርት ክፍላችን ደጋግመን ከምንሰማቸው ነገሮች አንዱ «ዲዛይኑ አልቋል፤ ዲአርሲው ዜሮ ስህተት ነው የሚለው» የሚል ነው። ይህን ያለ ተማሪ በማግስቱ ፌሪክ ክሎራይድ ይበጠብጣል፤ አቅም ያለው ደግሞ ፋይሉን ወደ ውጭ አገር ፋብሪካ ይልካል። እኔ ግን በዚህ መሃል የጎደለ አንድ ደረጃ አለ ባይ ነኝ።

በቅድሚያ ዲአርሲ ምን እንደሆነ እንመልከት። ኪካድም ሆነ ሌላ የቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር የሚመረምረው እኛ የሰጠነውን ሕግ ብቻ ነው። በሁለት የመዳብ መስመሮች መካከል 0.2 ሚሊ ሜትር ይበቃል ካልነው በአንዱ 220 ቮልት፣ በሌላው 5 ቮልት ቢሄድም ዝም ይላል። ቦርዱ የት እንደሚሰቀልና ማን እንደሚነካው አያውቅም። ይህን ማወቅ የእኛ የነዳፊዎቹ ሥራ ነው።

«የት ነው የሚሰቀለው?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ለባሌ ሰው ዋናው ጥያቄ ነው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከጎባ ወደ ሰነቴ አምባ ሲወጣ 4,000 ሜትር ይታለፋል፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። አይኢሲ 60664-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ያስቀመጠው የአየር ክፍተት መጠን ግን የሚያገለግለው እስከ 2,000 ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ክፍተቱ መባዛት አለበት፤ በ3,000 ሜትር በ1.14፣ በ4,000 ሜትር በ1.29። ለምን ቢባል ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል።

በቁጥር እንየው። ለቤት ውስጥ ዕቃ ከ220 ቮልት ጋር የተገናኘውን ክፍል ሰው ከሚነካው ክፍል ለመለየት በደረጃው መሠረት 3 ሚሊ ሜትር የአየር ክፍተት ያስፈልጋል እንበል። ይኸው ክፍተት በ3,000 ሜትር 3.42፣ በ4,000 ሜትር 3.87 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሮቤና ጎባ ከ2,000 በላይ ከ3,000 በታች ስለሆኑ የ3,000ውን መውሰድ ጥንቃቄ ነው። በቦርዱ ገጽ ላይ የሚለካው ርቀት ሌላ ሠንጠረዥ አለው፤ ከሁለቱ የሚበልጠውን መያዝ ነው። ይህ ነገር የመጽሐፍ ወሬ ብቻ የሚመስለው ካለ ከቻይና የመጡ ቻርጀሮችን ጀርባ ያገላብጥ፤ በብዙዎቹ ላይ የተራራ ምስልና 2000 ሜትር የሚል ምልክት ያገኛል። አብዛኞቻችን አይተነው ትርጉሙን ጠይቀን አናውቅም።

«ጠረጴዛ ላይ ሠርቶልኛል እኮ» የሚል መልስ ይኖራል። ልክ ነው፣ ይሠራል። ነገር ግን ይህ ክፍተት የሚቀመጠው ለሰላሙ ቀን አይደለም። በክረምት መብረቅ ሲወርድ ወይም መብራት ሄዶ ሲመለስ በመስመሩ ላይ ለሚመጣው ቅጽበታዊ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። የዶሮ ማሞቂያ መቆጣጠሪያ ወይም የውሃ ፓምፕ ማብሪያ ሠርተን ለገበሬ ብንሰጥ በዚያ ሰዓት ሳጥኑን የሚነካው እሱ ነው፤ እኛ ተመርቀን ሄደናል።

ሌሎችም ሶፍትዌሩ የማያያቸው ነገሮች አሉ። 7805 ሬጉሌተር 12 ቮልት ተቀብሎ 5 ቮልት በ0.5 አምፒር ሲሰጥ 3.5 ዋት ወደ ሙቀት ይቀየራል። ሂት ሲንክ ካልታሰበለት አለቀ፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ያነሰ ነው። ቢሲ547 እና 2ኤን3904 ትራንዚስተሮች በመልክ አንድ ናቸው፤ የእግራቸው ቅደም ተከተል ግን ተቃራኒ ነው። ሱቅ ውስጥ አንዱ ጠፍቶ ሌላው ሲገዛ ዳታሺቱን የሚገልጥ ስንቱ ነው? መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሥዕሉን በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት አትሞ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እላዩ ላይ ማስቀመጥ። በካውያ ለምናትመው ቦርድ ደግሞ በመዳቡ በኩል አንድ ቃል ይጻፍ፤ ወረቀቱ ላይ ተገልብጦ ከታየ መዳቡ ላይ ይቃናል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ቦርድ አሁን ርካሽ ነው፤ ከተበላሸ ሌላ ማዘዝ ነው» ይላሉ። ፋብሪካው ደጃፉ ላይ ላለ ሰው ይህ ያስኬዳል። እኛ ግን ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን ነው ያለነው። የውጭ ምንዛሪውና ጉምሩኩ ሲታከልበት አንድ የተሳሳተ ቀዳዳ ማለት ሳምንታት ማለት ነው። የምረቃ ቀን ደግሞ አይጠብቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

በመሆኑም ትምህርት ክፍላችን አንድ ገጽ የፍተሻ ቅጽ እንዲያዘጋጅ ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ቦርዱ የሚሰቀለው በስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነው?» የሚል ይሁን። ቀጥሎ የቮልቴጅ ክፍተት፣ ሙቀት፣ የእግር ቅደም ተከተል፣ የወረቀት ሙከራ ይከተሉ። ቅጹን የሚሞላው ነዳፊው ሳይሆን ዲዛይኑን ያልሠራ ሌላ ተማሪ ይሁን፤ የራሱን ጽሑፍ የሚያርም ሰው ስህተቱን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ነው የሚያነበው። ፊርማው ሳይኖር አሲድ አይበጥበጥ፣ ፋይልም አይላክ።

መምህራኖቻችን ይህን ቅጽ ከፕሮጀክቱ ነጥብ ጋር ቢያያይዙት ደግሞ የበለጠ ይጸናል። ወጪው አንድ ወረቀትና የአንድ ጓደኛ ግማሽ ቀን ነው።