ፓርኬ ስንገዛ ሐምሌን እናስብ

ሰሊጥ ተሽጦ ገንዘብ እጅ ሲገባ ወደ ሱቃችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ፓርኬ በካሬ ስንት ነው?» ይለናል። ከስልኩ ላይ ፎቶ ያሳየናል፤ ነጭ ግድግዳ፣ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ወለል፣ አንድ ሶፋ። ዋጋ እንነግረዋለን፣ ይከራከረናል፣ እንስማማለን፣ ካርቶኑ ጋሪ ላይ ይጫናል። በዚህ ሁሉ መሃል «ቤታችሁ የተሠራው ምን ዓይነት አፈር ላይ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። በመተማና በገዳሪፍ መካከል የምንመላለስ እኛ ሴት ነጋዴዎችም ለዓመታት አልጠየቅንም። ዛሬ የምንጽፈው ይህን ጥፋታችንን ይዘን ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ወደ ገዳሪፍ መጣ። ከነዚህ አንዷ በዕድሜ የገፉ ሃጃ ነበሩ። ዘመዶቻቸው ባስጠጓቸው ግቢ ውስጥ አንዲቱን ክፍል እንደ ድሮ ቤታቸው ለማድረግ ፈለጉና በጥር ወር ለ20 ካሬ የሚሆን ፓርኬ ከእኛ ገዙ። ከያዙት ጥሪት ላይ ነው የከፈሉት። ክረምቱ ገብቶ ሐምሌ ሲጋመስ ተመልሰው መጡ። አልጮኹም። «ያ ቢቲ፣ እንጨታችሁ ውሃ ጠጥቷል» ብቻ አሉን።

መጀመሪያ ያልነው ነጋዴ ሁሉ የሚለውን ነው፤ «የሠራተኛው ጥፋት ነው።» ኋላ ግን ሄደን አየን። መጋጠሚያዎቹ እንደ ድንኳን ጫፍ ወደ ላይ ተነስተዋል። አንዱን ጣውላ ስናነሳ ከስፖንጁ ሥር ሲሚንቶው አልቦታል፣ ሻጋታም ይዟል። ላስቲክ አልተነጠፈም። ሠራተኛው ያነጠፈው የሸጥንለትን ነው፤ እኛ ደግሞ ዋጋው እንዳይወደድና ገበያው እንዳያመልጠን ስፖንጁን ብቻ ሰጥተን ላስቲኩን ትተነው ነበር። ገንዘባቸውን በሦስት ጊዜ ከፍለን መለስን። የመለስነው ገንዘቡን ነው፤ ያቺን ክፍል ግን ክረምቱን በሙሉ አልኖሩባትም።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ከመተማ ዮሐንስ እስከ ገዳሪፍ ያለው ሜዳ ጥቁር አፈር ነው። እኛ ዋልካ እንለዋለን፣ ሱዳኖቹ ባዶብ ይሉታል። ሰሊጡንና ማሽላውን የሚያበቅልልን እሱ ነው፤ ቤታችንን የሚሰነጥቀውም እሱ ነው። በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ዝናብ ሲዘንብ ውሃውን ይዞ ያብጣል፣ ይዞም ይቆያል። ከወለሉ ኮንክሪት ሥር ላስቲክ ካልተነጠፈ ያ እርጥበት ሲሚንቶውን ሰርስሮ ወደ ላይ ይወጣል። ሊሾ ወይም ሴራሚክ ከሆነ ብዙም ሳንነቃበት ተንኖ ይጠፋል፤ ፓርኬ ሥር ግን መውጫ አጥቶ ይታፈናል።

ብዙዎቻችን ፓርኬ የምንለው ላሚኔት ደግሞ እንጨት አይደለም። የእንጨት ብናኝ ከሙጫ ጋር በከባድ ኃይል ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ ነው። ከላይ የምናየው የእንጨት መልክ በወረቀት ላይ የታተመ ፎቶ ሲሆን፣ በላዩ ጭረት የሚቋቋም ጠንካራ ሽፋን አለው። የፈጠሩት ስዊድኖች ናቸው፣ በ1977 እ.ኤ.አ.። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን ሆዱ ውሃ አይወድም። መሃሉ አንዴ ካበጠ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም።

የእኛ ትልቁ ስህተት ያለው ከወቅቱ ላይ ነው። ገንዘብ የምናገኘው ከኅዳር እስከ ጥር፣ ምርት ሲሸጥ ነው። ቤት የምናድሰውም ያኔ ነው። ያኔ ወለሉ ሁሉ ደረቅ ይመስላል፤ በእጃችን እንዳስሰዋለን፣ «ደርቋል» እንላለን፣ እናነጥፋለን። ዳኛው ግን ሐምሌ ነው። ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፤ ወለሉን በክረምት ፈትኑት፣ በበጋ አንጥፉት። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ላስቲክ ሲሚንቶው ላይ ዘርግታችሁ አራቱንም ዳር በፕላስተር አሽጉና ለአንድ ሙሉ ቀን ተዉት። ስታነሱት ከሥሩ ጠብታ ካለ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ያ ክፍል የፓርኬ ክፍል አይደለም። ሙከራው ወጪው የላስቲክ ቁራጭ ነው። አንድ ዓመት መጠበቅ ያስቆጫል፤ ግን አንድ ዓመት ጠብቆ አንዴ ማንጠፍ በየዓመቱ ከማንሳት ይሻላል።

ውሃ የሚመጣው ከታች ብቻ ደግሞ አይደለም፤ አኗኗራችንንም እንቁጠር። እኛ ለበዓል እርጥብ ቄጠማ እንጎዘጉዛለን፣ ከሰሉን አቀጣጥለን ቡና እናፈላለን። የሱዳን ጎረቤቶቻችን ወለሉን በባልዲ ውሃ አጥበው ነው የሚጠርጉት። በሙቀቱ ወር ሁላችንም የምናበራው የውሃ ማቀዝቀዣ ቀኑን ሙሉ እርጥብ አየር ይነፋል፣ አንዳንዱም ያንጠባጥባል። ምስጡም አለ፤ በወለል ስንጥቅ ገብቶ የእንጨት ዘር ያለበትን ሁሉ ይበላል። ይህን ሁሉ «ተዉት» አንላችሁም። ቡና የሚፈላበትና እንግዳ የሚበዛበት ሳሎን ሴራሚክ ይሁን፣ ፓርኬ ካማራችሁ መኝታ ቤት ይግባ ነው የምንለው። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤትማ ጨርሶ አይታሰብም።

ወለሉ ፈተናውን ካለፈ ደግሞ አነጣጠፉን ለሠራተኛ ብቻ አትተዉት፤ ቆማችሁ እዩ። ካርቶኖቹ ሳይከፈቱ የሚነጠፉበት ክፍል ውስጥ ቢያንስ ለ48 ሰዓት በጀርባቸው ተኝተው ይቆዩ። ወለሉ በሁለት ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት ሲለካ ከ3 ሚሊ በላይ ጎድጓዳ ካለው መጀመሪያ ይስተካከል። ቀድሞ ላስቲክ ይነጠፍ፤ መጋጠሚያው 20 ሳንቲም ተደራርቦ በፕላስተር ይታሸግ። ከዚያ ስፖንጁ፣ ከዚያ ጣውላው ይከተላል። በግድግዳው ዙሪያ ሁሉ 10 ሚሊ ክፍተት ይተው፤ በክረምት ሲሰፋ የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል። ክፍተቱን ዞኮሎው ይሸፍነዋል፣ ዞኮሎው ግን የሚመታው ግድግዳው ላይ እንጂ ፓርኬው ላይ አይደለም። አንድ የምንረሳው ነገር በሩ ነው። 8 ሚሊ ጣውላና 3 ሚሊ ስፖንጅ ሲደመሩ ወለሉ 11 ሚሊ ከፍ ይላል። የእንጨት በር ይላጫል፤ እዚህ የምንጠቀምበት የብረት በር ግን አይላጭም፣ የሚቆርጠው ብየዳ ቤት ነው። ያም ወጪ ነው።

ስለ ደረጃውም ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካርቶኑ ላይ «ኤሲ 3»፣ «ኤሲ 4»፣ «ኤሲ 5» የሚለው የሚናገረው ላዩ መፋቅን ምን ያህል እንደሚችል ነው፤ ስለ ውሃ የሚለው ነገር የለም። ለመኝታ ቤት ኤሲ 3 ይበቃል፤ አቧራና ጫማ ለሚበዛበት ኤሲ 4 ይሻላል። «12 ሚሊ ነው፣ ውሃ አይነካውም» የሚላችሁን አትመኑ፤ ወፍራሙም ያብጣል። ሽታው አፍንጫ የሚወጋውን ደግሞ ተዉት፤ ሙጫው የሚለቀው ጋዝ ዝቅተኛ መሆኑን የሚያሳየውን «ኢ 1» የሚል ምልክት ፈልጉ።

ዋጋ ስታሰሉም የካሬውን ብቻ አትያዙ። 4 በ5 የሆነ ክፍል 20 ካሬ ነው። ለቁርጥራጭ 10 በመቶ ሲጨመር 22 ይሆናል፤ ካርቶኑ 2 ካሬ ከያዘ 11 ካርቶን ትገዛላችሁ። ላስቲክ፣ ስፖንጅ፣ ዞኮሎ፣ የበሩ ብየዳና የሠራተኛው ደመወዝ ይደመሩ። ከዚያ ከሴራሚክ ጋር አወዳድሩ። ብዙ ጊዜ «ርካሽ» ያልነው ርካሽ ሆኖ አናገኘውም።

ለፓርኬው ግን አንድ ፍርድ እንስጠው። ያለ ሙጫ የሚገጣጠመው ዓይነት በጥንቃቄ ከተነሳ ሌላ ቤት ሄዶ ይነጠፋል። ሴራሚክ ነቅሎ የሚሄድ ሰው የለም። ተከራይቶ ለሚኖርና ነገ የት እንደሚሆን ለማያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ምናልባት ሃጃም ይህን አስበው ይሆናል። ውሃ የማይገባው፣ ከድንጋይ ዱቄትና ከፕላስቲክ የሚሠራ ተገጣጣሚ ወለልም ገበያ ላይ አለ። ዋልካ ላይ ለተሠራ ቤት ከላሚኔት የተሻለ ነው፤ ሆኖም ቀጥታ ፀሐይ በሚመታበት ቦታ ሙቀት ያጣምመዋል፣ መስኮቱ መጋረጃ ይፈልጋል።

አንዳንድ የሥራ ጓደኞቻችን «ይህን ሁሉ ለገዢ ከነገርነው ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል» ይሉናል። እውነት ነው፣ የሄዱ አሉ። ግን የንግድ ዲፕሎማ ስንማር ከያዝናቸው ነገሮች አንዱ መልካም ስምም ከሀብት እንደሚቆጠር ነው። ያን ጊዜ ለፈተና ነበር ያጠናነው፤ ትርጉሙ የገባን የሃጃን ገንዘብ በሦስት ጊዜ ስንከፍል ነው። የአንዷ ክፍል ኪሳራ የስንት ክፍል ትርፍ እንደበላ መዝገባችን ላይ አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ ድንበር የምንሻገር ሰዎች ነን። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሌላ ቀን ይዘጋል። በተዘጋ ጊዜ የሚያስጠጋን፣ ዕቃችንን በአደራ የሚያስቀምጥልን ያው ገዢያችን ነው። በአንድ ካርቶን ትርፍ የሚሸጥ ዝምድና አይደለም።

ስለዚህ ሌሎችም ነጋዴዎች እንዲያደርጉት የምንለምነው ይህን ነው፤ ከመሸጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ቤቱ ምድር ላይ ነው ወይስ ፎቅ? ከወለሉ ኮንክሪት ሥር ላስቲክ አለ? ባለፈው ክረምት ግድግዳው ሥር እርጥበት ታይቷል? መልሱን ደረሰኙ ላይ ጻፉት። ላስቲኩንም ለብቻው ሳይሆን ከፓርኬው ጋር አንድ ላይ ሽጡት፤ «አልፈልግም» ያለ ገዢ ካለ እሱም ይጻፍ። እኛ ጥያቄዎቹን በአማርኛና በዐረብኛ ጽፈን ከሚዛኑ በላይ ለጥፈናል።

ሃጃ ዛሬም ደንበኛችን ናቸው፤ ቡናና ቅመም ይገዙናል። ክፍላቸው አሁን ሴራሚክ ነው፣ በላዩ ምንጣፍ አለ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ሙሽራ ፎቶ ይዛ ስትመጣ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። እኛ አፋችንን ሳንከፍት ቀድመውን «ልጄ፣ ቤትሽ የት ነው? ሥሩ ባዶብ ነው?» ብለው ጠየቋት።