የቤት ቁጥርና የመሥሪያ ቤቶች መዝገብ





በሆሳዕና ሰው ቤቱን ሲጠየቅ «ከገበያው በላይ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» ብሎ ያመለክታል። ይህ ለእንግዳ ይበቃል፤ በሌሊት ምጥ ለያዛት ሴት የተጠራው የአምቡላንስ ነጂ ግን በዚህ ደጃፉን አያገኘውም።

ቀበሌዎች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተቋቋሙ ወዲህ የቤት ቁጥር የተለመደ ነው። ነገር ግን ያንኑ ቤት የውሃ መሥሪያ ቤት በቆጣሪ ቁጥር፤ የመሬት ክፍሉ በካርታ ቁጥር፤ ገቢዎች በግብር ከፋይ ቁጥር ያውቀዋል። አራቱም ስለ አንድ ደጃፍ መናገራቸውን የሚያውቅ ባለቤቱ ብቻ ነው፤ እርሱም ማስረጃ ሲያመላልስ የሥራ ቀኑ ያልቃል።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም በደቡብ ክልል ስም የተጻፈው አድራሻ ሁሉ በአንድ ጊዜ አሮጌ ሆነ። ከዚያው ጋር የከምባታ ጠምባሮ ዞን የከምባታ ዞንና የጠምባሮ ልዩ ወረዳ ተብሎ ስለ ተለየ የዱራሜም ሰው አድራሻ ተለወጠ፤ ቤቱ ግን አንድ ስንዝር አልተነቃነቀም። እኛ መምህራን ተማሪ ስንመዘግብ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት አንዱን ክልል፤ የአባቱ መታወቂያ ሌላውን ሲናገር እናያለን።

የፋይዳ መታወቂያ ይህን ይጨርሰዋል የሚሉ አሉ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ይህ መታወቂያ መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም ባለ 12 አሐዙ ቁጥር ሰውን ከሰው እንጂ ቤትን ከቤት አይለይም። ተከራዩ ሲለቅ ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል።

በእኔ አስተያየት የቤት ቁጥር የሚሰጠው ማዘጋጃ ቤቱ ብቻ ቢሆን፤ ሌሎቹም ከእርሱ መዝገብ ቢገለብጡ ይሻላል። በዴንማርክ አገር አሠራሩ እንዲህ ነው። ቤት ሲሠራ፤ ሲከፈል ወይም ሲፈርስ ማዘጋጃ ቤቱ በየወሩ ለሁሉም ያስታውቅ። የክልልና የዞን ስም ከቁጥሩ ተለይቶ ቢጻፍ ደግሞ ስሙ ቢለወጥም ቁጥሩ አይነካም።

የሰው ምሥጢር ይባክናል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የወጣው ስለዚህ ነው። ስለሆነም የጋራው መዝገብ የቤቱን ቁጥርና ቦታ ብቻ ይያዝ፤ ነዋሪው ማን እንደ ሆነና ምን ዕዳ እንዳለበት በየመሥሪያ ቤቱ ይቅር።

ገንዘብ የለም እንደሚባል አውቃለሁ። በሆሳዕና አንድ ቀበሌ፤ በዱራሜም አንድ ቀበሌ ለሙከራ ለመጀመር አንድ ትጉህ ጸሐፊ፤ አንድ መዝገብና አንድ ቆርቆሮ ቀለም ይበቃል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከሆሳዕና