ከሞተሩ በፊት ሚዛኑ

ከሜክሲኮ ወደ ልደታ የሚሄድ ሰው፣ ከፍ ብሎ በተሠራው የቀላል ባቡር ሐዲድ ግርጌ መንገዱ ሲጨናነቅበት፣ የአዲስ አበባን የመኪና ታሪክ በአንድ ሰልፍ ያገኘዋል። ሞተሩን ከኋላ ያዘለ አሮጌ ቮልስ አለ፤ ሰማያዊና ነጭ ላዳ አለ፤ አፍንጫዋ የከበደ ቪትዝ፣ ሹፌሩ ሞተር ላይ የተቀመጠበት ሃያስ ሚኒባስ፣ ባትሪውን ወለሉ ሥር ያነጠፈ አይዲ ፎርም አይጠፋም። ክብደታቸውን ያኖሩበት ቦታ የአንዱ ከሌላው አይገናኝም። ኩርባ ላይ የሚያሳዩት ጠባይ የሚመነጨውም ከዚያ ነው።

መኪናውን ለትራክ ማዘጋጀት የሚፈልግ ወጣት ግን ይህን ትቶ ወደ ሞተሩ ይሮጣል። መጀመሪያ ማርሚታ ይቀየራል፣ ቀጥሎ የአየር ማጣሪያ፤ በተክለሃይማኖት በኩል ሶማሌ ተራ ሲደርስም የሚጠይቀው የሞተር ዕቃ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት ሞተር ልደታ ላይ 80 ቢሰጥ ነው። ማርሚታና ማጣሪያ ተደማምረው የሚመልሱት ከጉድለቱ ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የሚተርፈው ጩኸቱ ነው።

ጎማ ግን አየር አይተነፍስም። አስፋልት የሚይዝበት ኃይል በቆላም በደጋም ያው ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ ሰዓት የሚቆጠበው ፍሬን ሲያዝና ኩርባ ሲዞር ነው፤ ይህን ደግሞ በአብዛኛው የሚወስነው እያንዳንዱ ጎማ የተሸከመው ኪሎ ነው።

አንድ ቶን የምትመዝን፣ 600 ኪሎዋ ከፊት፣ 400 ኪሎዋ ከኋላ ያረፈ ትንሽ መኪና እንውሰድ። ቪትዝን የመሰሉ፣ የፊት ጎማ የሚጎትታቸው መኪኖች ከዚህ ብዙም አይርቁም። ከፊት ጎማዋ እስከ ኋላ ጎማዋ 2.4 ሜትር፣ የክብደቷ ማዕከል ደግሞ ከመሬት 55 ሳንቲሜትር ይሁን። ሹፌሩ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ፣ ከመሬት ስበት ስምንት አሥረኛ በሚሆን ኃይል ቢይዝ፣ 183 ኪሎ ያህል ከኋላ ወደ ፊት ይዛወራል። የፊት ጎማዎች 783 ኪሎ ሲሸከሙ ለኋላዎቹ የሚቀራቸው 217 ነው። በዚህ ቅጽበት መሪ የጠመዘዘ ሰው መኪናዋ አልሰማ ትለዋለች፤ አፍንጫዋ ወደ ኩርባው ውጭ ይሄዳል። ጎማ የተጫነበት ክብደት በእጥፍ ሲያድግ የመያዝ ኃይሉ በእጥፍ አያድግም። እኩል የተጫኑ ሁለት ጎማዎች፣ አንዱ ከብዶት ሌላው ከቀለለው ጥንድ ይልቅ መንገዱን አጥብቀው ይይዛሉ። የማመጣጠን ሥራ በሙሉ የቆመው በዚህች እውነት ላይ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ሃምሳ ለሃምሳ» የሚለውን የቢኤምደብሊው ማስታወቂያ እንደ ሃይማኖት የያዘ ብዙ ነው። ፖርሽ 911 ግን ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን ከኋላ አድርጎ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ትራክ ላይ ሲያሸንፍ ኖሯል። ዘመዱ ቮልስም በ1954 እና በ1962 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ራሊ አሸንፏል፤ ጭቃ ውስጥ፣ መኪናውን የሚገፋው ጎማ ላይ የተጫነ ሞተር ወርቅ ነው። ዋጋውም አለ። እርጥብ ኩርባ መሃል ድንገት ቤንዚን የለቀቀ የቮልስ ሹፌር የመኪናውን ኋላ ከፊቱ ሊያገኘው ይችላል።

ቁጥሩን ብቻ ያሳደደ ሰውማ ከኋላ አሸዋ ጭኖ ሃምሳ ለሃምሳን ማግኘት ይችላል። ያገኘው ግን የከበደ መኪና ነው። በተቃራኒው ከዚያችው አንድ ቶን መኪና የኋላ ወንበርና ትርፍ ጎማ ወጥተው 60 ኪሎ ቢቀነስ፣ ከዚህም 50ው ከኋላ ቢሆን፣ የፊቱ ድርሻ ከ60 ወደ 63 በመቶ ግድም ይወጣል። በወረቀት ሚዛኗ ተበላሸ። ትራክ ላይ ግን በስድስት በመቶ ቀልላለችና ቀድማ ትቆማለች፣ ቀድማ ትነሣለች። ከመጨመር ይልቅ መቀነስ፣ መቀነሱ ሲያልቅ ደግሞ ያለውን ቦታ ማስቀየር ይሻላል። 12 ኪሎ የሚመዝን ባትሪ ከኮፈኑ ሥር ወጥቶ ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ቢሄድ፣ ከፊት ጎማዎች ላይ 15 ኪሎ ተነሥቶ ለኋላዎቹ ይደርሳል። ወጪው ወፍራም ገመድ፣ ባትሪው አጠገብ የሚገባ ፊውዝና የማይላላ ማሰሪያ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ቁመት ነው። ልደታ ላይ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲል የሚያስበው ሂሳቡን ነው፤ ፖርቶመጋላው ላይ የተከመረው ዕቃ ግን ሚኒባሱን ኩርባ ላይ ወደ ጎን ይጎትተዋል። በምሳሌያችን የክብደቱ ማዕከል ከ55 ወደ 45 ሳንቲሜትር ቢወርድ፣ በዚያው ፍሬን የሚዛወረው ክብደት ከ183 ወደ 150 ኪሎ ይቀንሳል። ሞላ ቆርጦ መኪና የሚያወርድ ጋራዥ ይህን በከፊል ያገኛል፤ ነገር ግን መንቀሳቀሻ ያጣው ሞላ ጉብታ ላይ ሲደፈጠጥ ጎማው ከመሬት ይለቃል።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህን ሂሳብ ያወሳስቡታል። ሞተራቸውን ደጋ አያደክመውም፤ ባትሪያቸው ወለል ሥር በመሆኑ ማዕከላቸው ዝቅ ያለ ነው፤ የፊትና የኋላ ድርሻቸውም ለእኩል የቀረበ ነው። አይዲ ፎር ግን ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል። ያንን ክብደት ደጋግሞ የሚያቆም ፍሬን ይግላል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ቶሎ አያበርደውም። ለጥቂት ዙር አይዲ ፎር፣ ለሙሉ ቀን የተራቆተች ቪትዝ ትመረጣለች።

የሚቀረው መመዘን ነው። ምድር ሚዛን የሚጠጋው በየ10 ወይም በየ20 ኪሎ ስለሆነ የፊትና የኋላውን ግምት ለማግኘት ይበቃል፤ ለአራቱ ማዕዘናት ግን አራት ትናንሽ ሚዛኖች በአንድ ደረጃ ላይ መቀመጥ አለባቸው። የፊት ግራና የኋላ ቀኝ ተደምረው ከሌላው ሰያፍ ድምር ጋር ካልተቀራረቡ፣ መኪናዋ በአንድ በኩል ደህና ዞራ በሌላው ታስቸግራለች። ሞላው ቁመቱ የሚስተካከል ከሆነ፣ የቀለለውን ማዕዘን ከፍ ማድረግ ለእርሱም በሰያፍ ለሚገጥመውም ክብደት ይጨምራል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሹፌሩ በግራ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ነዳጁም ግማሽ ሆኖ ነው፤ 45 ሊትር ቤንዚን 33 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ጋኑም ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ እያለቀ ሲሄድ የሚቀለው በተለይ የኋላው ነው።