የሚያበሩ ፕሮቲኖች ምርምርና የሚጥል በሽታ ሕክምና

የአንጎልን ሥራ በብርሃን የሚያሳዩ ፕሮቲኖች የተገኙት ከባሕር ነው። ኦሳሙ ሺሞሙራ እ.ኤ.አ. በ1962 ከጄሊፊሽ አንድ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ለይተው አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ይህንኑ ፕሮቲን ካልሲየም ከሚይዝ ሌላ ፕሮቲን ጋር አጣምረው ጂካምፕ የተባለውን ጠቋሚ ሠሩ። የነርቭ ህዋስ መልእክት ሲያስተላልፍ ካልሲየም ወደ ውስጡ ይገባል፤ በዚያን ጊዜ ጠቋሚው ደምቆ ይበራል።

ለሚጥል በሽታ ጥናት ይበልጥ የቀረቡት ከዚያ በኋላ የተሠሩት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የነርቭ ህዋሳትን የሚያነቃቃውን ግሉታሜት፣ በ2019 ደግሞ የሚያረጋጋውን ጋባ የሚያሳዩ ጠቋሚዎች ይፋ ሆኑ። በሽታው የሚነሣው በሁለቱ መካከል ያለው ሚዛን ሲዛባ በመሆኑ፣ በራስ ቅል ላይ የሚደረገው የኤሌክትሪክ ምርመራ የማይለየውን ኬሚካል ለይቶ ማየት ትልቅ እርምጃ ነው።

ይሁን እንጂ ጠቋሚውን ለመጠቀም ዘረ መሉን ወደ አንጎል ህዋስ ማስገባትና ብርሃን ወደ ውስጥ ማድረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሥራው በአይጦችና በዓሦች ላይ የሚከናወን ምርምር እንጂ ለታካሚ የሚሰጥ ምርመራ አይደለም። በወግዲም ሆነ በመካነ ሰላም የሚገኝ ቤተሰብ ይህን ተስፋ አድርጎ ሕክምና የሚያዘገይበት ምክንያት የለም።

ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ለሚጥል በሽታ ያገለግላል፤ የሚሠራውም ያንኑ ጋባ በማገዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ተገቢውን ሕክምና ካገኙ ሕሙማን እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ከመጣል ነጻ ሆነው መኖር ይችላሉ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ሕክምናው በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲሰጥ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀምራለች።

ለደጋው ነዋሪ ዋናው ፈተና መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መውሰድ ነው፤ በተለይ መንገድ በሚበላሽበት ክረምት። በድንገት ማቋረጥ ተከታታይና ለሕይወት አስጊ የሆነ መጣልን ሊያስከትል ስለሚችል፣ ከማለቁ አስቀድሞ መውሰድ ይገባል። ሕመምተኛው ሲጥለው የክብሪት ጭስ ማሽተት አይጠቅምም፤ አፉ ውስጥም ምንም ነገር አይገባም። ከእሳትና ከውኃ አርቆ በጎኑ ማስተኛት ያስፈልጋል። መጣሉ ከ5 ደቂቃ ካለፈ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።