ፊሊፒኖች የሚናፍቁት መሪ

የፊሊፒንስ ሕዝብ ሐቀኛ መሪ አይቶ ያውቃል፤ ናፍቆቱ የጸናበትም ስለዚህ ይመስለናል። የብረት ቀጥቃጭ ልጅ የሆነው ራሞን ማግሳይሳይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ተመርጦ የማላካኛንግን ቤተ መንግሥት በር ለባላገሩ ከፈተ፤ የድኻውን አቤቱታ ተቀብሎ የሚከታተል ኮሚቴም አቆመ። ምን ይሆናል፣ በ1957 አይሮፕላኑ በሴቡ ደሴት ተራራ ላይ ወድቆ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ምትኩን ሲፈልግ ኖረ። በ1986 ማርኮስን፣ በ2001 ኤስትራዳን አደባባይ ወጥቶ አስወገደ። ነገር ግን ኤስትራዳ በ2007 የሕዝብ ሀብት በመዝረፍ ተፈርዶበት በዚያው ዓመት ምሕረት አገኘ፤ በ2013ም የማኒላ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ! የማርኮስ ልጅ ደግሞ በ2022 ፕሬዚዳንት ሆነ።

«ሕዝቡ ቶሎ ይረሳል» የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። በየምርጫው የሚቀርቡለት የእነዚያው ባለጸጋ ቤተ ሰቦች ልጆች ከሆኑ ከማን ይምረጥ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሥልጣን በቤተ ሰብ እንዳይያዝ ይከለክላል፤ ዝርዝሩን ግን በሌላ ሕግ ይወሰን ብሎ ለምክር ቤቱ ተወው። በምክር ቤቱ የተቀመጡት ደግሞ እነዚሁ ቤተ ሰቦች ናቸው። ሥጋን ለጅብ አደራ ማለት ይህ ነው! ከ30 ዓመት በላይ ሕጉ ሳይወጣ አለፈ።

በሴፕቴምበር 2025 ለጎርፍ መከላከያ የተመደበው ገንዘብ ተበላ ብለው በማኒላ ሰልፍ ከወጡት መካከል እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች ነበሩ። ከጎናቸው ብንቆም ኖሮ ጩኸታችን «ሌላ ማግሳይሳይ ስጡን» ሳይሆን «ያንን ሕግ አውጡ» የሚል በሆነ ነበር።