ስለ ውሻ መገራትና ስለ ባለቤቱ መማር

«ውሻን ምን አገባው ከእርሻ» የሚለው ተረት በአገራችን የታወቀ ነው። ይህ ጋዜጣ ስለ ዘር፣ ስለ በሬ፣ ስለ ቡናና ስለ መስኖ ሲጽፍ ማንም አይደነቅም፤ ስለ ውሻ የጻፈ እንደ ሆነ ግን አንባቢው ይህን ተረት አስታውሶ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ነገር ግን ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ሰው ውሻ በእርሻ ሥራ ብዙ ያገባዋል። ሌሊት በበረቱ ዙሪያ ሆኖ ከብቱን ከጅብ የሚጠብቅ እርሱ ነው፤ የጐተራውን ደጅ ከሌባ የሚጠብቅ እርሱ ነው፤ እረኛው ልጅ ቀኑን ሙሉ በዱር ሲውል ጓደኛው እርሱ ነው። ደግሞም በግ አሳድዶ የሚያስወርድ፣ መንገደኛውን የሚነክስ፣ የእብደትንም በሽታ ወደ ቤት ይዞ የሚገባ ይኸው እንስሳ ነው። እንግዲህ ጥቅምና ጕዳት በአንድ ላይ ተሰብስበው ሲገኙ፣ ጥቅሙን አብዝቶ ጕዳቱን ለማሳነስ የሚቻልበትን መንገድ መመርመር የሹማምንትና የባለ ከብቶች ሥራ ነው። መንገዱም ውሻውን በዐዋቂ እጅ ማስገራት፣ ባለቤቱንም አብሮ ማስተማር ነው ብለን እናምናለን።

አገራችን መግራት የሚባለውን ጥበብ ከጥንት ጀምራ ታውቃለች። ያልተገራች በቅሎ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ወይፈኑንም ባለ እርሻው ሥራ ከለመደ በሬ ጋር ጠምዶ ቀስ በቀስ ያለማምደዋል እንጂ በአንድ ቀን እረስ ብሎ አይገርፈውም። በቅሎ የሚገራም ሰው በመንደሩ የታወቀና ዋጋ የሚከፈለው ነው። ለበቅሎና ለበሬ ይህን ያህል ስናስብ ለውሻው ግን ምንም አናስብለትም። ቡችላውን ከእናቱ ለይተን እናመጣዋለን፤ ቀን በሰንሰለት እናስረዋለን፤ ሌሊት እንለቀዋለን፤ ትራፊ እንጥልለታለን፤ ሲያጠፋም በድንጋይ እንመታዋለን። ከዚህ በኋላ የጐረቤቱን ልጅ በነከሰ ጊዜ «ክፉ ውሻ ነው» እንላለን። ክፋቱ ግን ከተፈጥሮው ይልቅ ካለመማሩ የመጣ ነው።

ይህ ነገር በቤት ውስጥ ተሸፍኖ የሚቀር ጕዳይ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2071ኛው ቍጥር የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጕዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት ከእጁ አምልጦ ቢሆንም፣ ጕዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ የማይቻል ቢሆንም እንኳ ከኀላፊነት አያድነውም። እንግዲህ ያልተገራ ውሻ ያለው ባለጠጋ ያልተከፈለ ዕዳ በደጁ አስሮ እንደሚያኖር ሰው ነው። በውሻ ንክሻ ምክንያት ጐረቤትና ጐረቤት ሲካሰስ፣ ሽማግሌ ሲቀመጥ፣ የሥራ ቀንም ሲባክን ያላየ የወረዳ ሹም ይኖራል ብለን አንገምትም።

አሁን ደግሞ ዐዋቂው ገሪ የሚሠራውን ሥራ እንመልከት። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዘመናት በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። የመስኮቡ ሊቅ ፓቭሎቭ ውሻ ምግብ ከመቅረቡ በፊት ዘወትር የሚሰማውን ድምፅ በሰማ ጊዜ ምግቡ ሳይቀርብለት ምራቁ እንደሚመጣ አስረድቷል። ከዚህም ውሻ ሁለት ነገሮች ተከታትለው ሲመጡ አንዱን በአንዱ እንደሚያውቅ ታወቀ። የመግራት ሥራ መሠረቱ ይኸው ነው። ገሪው «ና» ብሎ ይጠራል፤ ውሻው በመጣበት ቅጽበት ጉርሻ ይሰጠዋል፤ ይህንም ደጋግሞ ያደርጋል። ጉርሻው ቢዘገይና ውሻው በመካከል ሌላ ነገር ቢሠራ፣ የተመሰገነው ስለ መምጣቱ ይሁን ስለ መዝለሉ አያውቅም። ስለዚህ ጊዜን መጠበቅ ከጉርሻው ብዛት ይበልጣል። ትምህርቱም አጭር ሊሆን ይገባል፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ማስተማር ግማሽ ቀን ከማድከም ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር የቡችላው ዕድሜ ነው። ስኮትና ፉለር የሚባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጡት፣ ቡችላ ከተወለደ ከ3ኛው ሳምንት አንሥቶ እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ያየውንና የለመደውን ነገር ሁሉ እንደ ወዳጅ ይቈጥራል። በዚህ ጊዜ ሕፃናትን፣ እንግዶችን፣ በግና ፍየልን፣ የወፍጮና የመኪና ድምፅን በሰላም የለመደ ውሻ ካደገ በኋላ አይደነግጥም፤ የማይደነግጥ ውሻም በከንቱ አይናከስም። ይህ ጊዜ በጨለማ ጓዳ ታስሮ ያለፈበት ውሻ ግን ኋላ ብዙ ድካም ይጠይቃል። ዐዋቂው ገሪ ቡችላው ገና ሳይገዛ እንዲጠየቅ የሚፈልገው ስለዚህ ነው።

የገሪው ሥራ ከግማሽ በላይ የሚውለው ግን በውሻው ላይ ሳይሆን በባለቤቱና በቤተ ሰቡ ላይ ነው። አባወራው «ተው» ይላል፤ እመቤቲቱ «ዝም በል» ትላለች፤ ልጁ «ሂድ» ይላል፤ ዘበኛው ድንጋይ ያነሣል። ውሻው ቋንቋ ስለማያውቅ አራቱ ሰዎች አንድ ነገር እንደሚፈልጉ አይረዳም። ትናንት በእግሩ ሲቆም የተሳቀለት ዛሬ ለዚያው ሥራ ቢመታ ጌታውን መፍራት እንጂ ሥራውን መተው አይማርም። ገሪው ወደ ቤቱ በመጣ ጊዜ አስቀድሞ ሰዎቹን ይሰበስባል፤ ቃሉን አንድ ያደርጋል፤ ማን መቼ እንደሚመግብ፣ ማን ገመዱን እንደሚይዝ ይወስናል። ውሻው የተገራው በገሪው እጅ ብቻ ከሆነ ገሪው በሄደ ማግስት ሁሉ ነገር ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ለምሳሌ በግቢው በር የሚገባውን እንግዳ ሁሉ ለመንከስ የሚዘል አንድ ውሻ አለ እንበል። ልማዱ ሰንሰለቱን ማሳጠርና መምታት ነው። ገሪው ግን ባለቤቱን ገመድ አስይዞ ውሻውን ከበሩ ያርቀዋል፤ እንግዳውን አይቶ ገና የማይጮኽበትን ርቀት፣ 30 እርምጃ ቢሆን 40 እርምጃ፣ ይፈልጋል። እንግዳው በታየ ቍጥር ባለቤቱ ጉርሻ ይሰጣል፤ እንግዳው ሲሄድ ጉርሻው ይቀራል። ከቀን ወደ ቀን ርቀቱን ያሳጥራሉ። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ውሻው እንግዳ ሲያይ ከመዝለል ይልቅ ወደ ጌታው ዘወር ብሎ መመልከት ይጀምራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ባለቤቱ ትዕግሥትን ተምሯል፤ የውሻውን ጆሮና ጅራት አይቶ ቍጣውን አስቀድሞ ማወቅንም ተምሯል። ውሻውና ጌታው አብረው ተገሩ ማለት ነው።

«ዱላ ይበቃል» ለሚሉት ሰዎች አንድ ማስረጃ እናመጣለን። በአሜሪካ በፔንስልቫንያ ዩኒቨርሲቲ የከብት ሐኪሞች ስለ ጠባይ ችግር የመጡ 140 የውሻ ባለቤቶችን ጠይቀው በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ውሾቻቸውን ከመቱት ወይም ከረገጡት ባለቤቶች መካከል ከመቶ 43ቱ ውሻው በእነርሱ ላይ በቍጣ እንደ ተነሣባቸው ተናግረዋል። ዱላ የውሻውን ጩኸት ለጊዜው ያቆመዋል፤ ፍርሃቱን ግን አያጠፋውም። ከመናከሱ በፊት ማጕረምረሙን በዱላ የተከለከለ ውሻ ኋላ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል፤ ይህም ለሕፃናት እጅግ የከፋ አደጋ ነው።

«የተገራ ውሻ ጠባቂነቱ ይጠፋል» የሚሉም አሉ። ይህ ስሕተት መሆኑን የሌሎች አገሮች ሥራ ያስረዳል። በዌልስ አገር በባላ ከተማ በ1873 የእረኛ ውሾች የውድድር በዓል ተደርጎ ነበር፤ እነዚህ ውሾች በጌታቸው ፉጨት ብቻ በጉን ከሩቅ ተራራ ሰብስበው ያመጣሉ። በጀርመን አገር በኦልደንቡርግ በ1916 በጦርነት ዓይናቸው ለጠፋ ወታደሮች መንገድ መሪ የሚሆኑ ውሾች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያ ዕውሩ ሰው ራሱ ከውሻው ጋር አብሮ ካልተማረ ውሻው ብቻውን ምንም እንደማይጠቅመው በግልጥ ታየ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የአፍሪካዊቱ የናሚብያ ምሳሌ ነው። በዚያ አገር ባለ ከብቶች አቦ ሸማኔን ፍየል በላብን እያሉ ይገድሉት ነበር። ከ1994 ጀምሮ የአቦ ሸማኔ ጠባቂዎች ማኅበር ከቱርክ አገር ዘር የሆኑ ትልልቅ የእረኛ ውሾችን ለገበሬዎች ያድል ጀመር። ቡችላው ገና በጥቂት ሳምንት ዕድሜው በፍየሎቹ በረት ይገባል፤ ከእነርሱ ጋር ይተኛል፤ ቤተ ሰቡንም ፍየሎቹን ያደርጋል። የማኅበሩ ሰዎችም እየተመላለሱ ባለቤቱን ያስተምራሉ። በ2005 የወጣው ጥናት እንደሚያስረዳው ከተጠየቁት ገበሬዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል የከብታቸው ጥፋት እጅግ እንደ ቀነሰላቸው መስክረዋል። አንዳንዶቹ ውሾች የዱር እንስሳ ማሳደድ ለምደው ነበር፤ ባለቤቶቹ በተመከሩት መሠረት ሲያርሟቸው ብዙዎቹ ተስተካከሉ። ስለዚህ ጠባቂነት የሚጠፋው በመገራት አይደለም፤ «ተው» ሲባል የሚተው ውሻ ማንን መጠበቅ ማንን ማሳለፍ እንዳለበት የሚያውቅ ጠባቂ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጕዳይ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዚህ በሽታ በዓለም በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው ይሞታል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰውም ከመቶ 99 ያህሉ ከውሻ የመጣ ነው፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኀኒት የለውም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። በሽታውን ከሥሩ የሚያቆመው ግን ከመቶ ውሾች ቢያንስ 70ውን በየጊዜው መከተብ ነው። ገመድ ያልለመደ፣ እጅ ሲነካው የሚናከስ ውሻ እንዴት ይከተባል? ከታቢው ይፈራል፤ ባለቤቱም ሊይዘው አይችልም፤ ውሻው ሳይከተብ ይቀራል። ለመያዝ የለመደ ውሻ ግን በአንድ ደቂቃ ተከትቦ ይመለሳል።

ጥፋቱ በሰው ብቻ አይቆምም። በአገራችን ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ዛሬ ለአካለ መጠን የደረሰው ከ500 አይበልጥም፤ ከእነዚህም የሚበዙት በባሌ ተራራ የሚኖሩት ናቸው። በ1991ና በ1992፣ ደግሞም በ2003 ከእረኛ ውሾች የተላለፈ የእብደት በሽታ ገብቶ ብዙዎቹን ፈጅቷል፤ በዌብ ሸለቆ በ2003 ከነበሩት ከግማሽ የሚበልጡት አልቀዋል። ከመንጋው ጋር በገመድም ሆነ በጥሪ የሚመለስ የተከተበ ውሻ ለዚህ ለአገር ክብር ለሆነ እንስሳ ወዳጅ ነው፤ ሳይገራ በዱር የሚዞረው ግን ጠላቱ ነው።

አንዳንድ ሹማምንት ውሻ በበዛ ጊዜ መርዝ ማስበተን ቀላል መስሎ ይታያቸዋል። ነገር ግን ውሻን መግደል ብቻውን በሽታውን አላቆመም፤ በሞቱት ፋንታ ያልተከተቡ ሌሎች ከጐረቤት አገር ይገባሉ፤ መርዙም ለልጆችና ለሌሎች እንስሳት አደጋ ይሆናል። ለመርዝ የሚወጣው ገንዘብ ለክትባትና ለገሪ ቢውል ፍሬው ይቈያል።

ገሪ ነኝ ባይ ሁሉ ግን ገሪ አይደለም። እውነተኛው ገሪ ሥራውን በባለቤቱ ፊት ይሠራል፤ ውሻውን ወስዶ ደብቆ አያስተምርም። በአንድ ሳምንት እፈውሰዋለሁ ብሎ አይምልም። በረኃብና በግርፋት አይገዛም። ውሻው በድንገት ጠባዩ የተለወጠ፣ ምራቁ የሚዝረከረክ ወይም የሚያነክስ ከሆነ ይህ የእኔ ሥራ አይደለም ብሎ ወደ ከብት ሐኪም ይልከዋል። በእርሱ ፋንታ ባለቤቱ ገመዱን ይዞ እንዲሠራ የማያደርግ ገሪ ገንዘብ ተቀባይ እንጂ አስተማሪ አይደለም።

«ድኻው ለገሪ ከየት ይከፍላል» የሚለው ጥያቄ ግን እውነተኛና ሊመለስ የሚገባው ነው። ስለዚህ አሳባችንን በአጭሩ እናቀርባለን። አንደኛ፣ በየወረዳው እንስሳ የሚወዱ፣ ትዕግሥትም ያላቸው ሁለት ወጣቶች ተመርጠው በፖሊስ ዘንድ ውሻ ከሚያሠለጥኑ ዐዋቂዎች ዘንድ ቢማሩ፣ ተመልሰውም የክትባት ቀን በገበያ ስፍራ ለሕዝቡ ገመድ መያዝንና ጥሪን ቢያስተምሩ ወጪው ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ብዙ ከብትና ሰፊ ግቢ ያላቸው ባለጠጎች የገሪውን ዋጋ ራሳቸው ከፍለው የእረኞቻቸውን ውሾች አብረው ቢያስገሩ ጐረቤቱ ሁሉ ይጠቀማል። ሦስተኛ፣ በየትምህርት ቤቱ ልጆች የሚበላን ወይም የተኛን ውሻ እንዳይነኩ፣ ከሚያባርራቸውም ውሻ እንዳይሮጡ ቢነገራቸው ብዙ ንክሻ ይቀራል።

ሕዝብ ትእዛዝ ከመስማት ይልቅ ሹሙ የሚሠራውን ማየት ይወዳል። ስለዚህ የወረዳው ገዥ ስለ ውሻ ደንብ ከማውጣቱ በፊት በራሱ ደጅ የታሰረውን ውሻ ይመልከት፤ የተከተበ መሆኑን፣ ሲጠሩት የሚመጣ መሆኑን፣ አቤቱታ ይዞ የሚመጣውን ድኻ የማያስፈራራ መሆኑን ይመርምር። ባለ አቤቱታው ሳይፈራ የሚገባበት ግቢ ያለው ሹም ስለ ውሻ መገራት ለሌላው ሲናገር ቃሉ ይሰማለታል።